ጆሮ ዳባ ይልበስ

ከመዘዞ ወጣ ብሎ፣ ከድንጋይ ካቡ ሥር
የእትዬ አሰገደች ወይፈን ተኝቶ ነበር።
አፍንጫው ደርቋል፣ ጎኑ ይነሳል፣ ይወድቃል፤
«ሳንባው ነው?» አሏቸው ጎረቤት። «ዶክተሩ ያውቃል።»

ዶክተር አይደለሁም። ዲፕሎማ ነው የያዝኩት፤
ማዳመጫዬን ሰክቼ ከጎኑ አስጠጋሁት፣
ትንፋሼን ዋጥኩና ጠበቅሁት።

ሽውውው…

ሳንባ አይደለም ይሄ፣ ልብም አይደል ምቱ፤
የጣርማበር ነፋስ ነው፣ ራሴ ሆኖ ቤቱ፤
እኔ ከሞተር ወርጄ እሱ ያልወረደ፣
ከኋላ ተፈናጥጦ አብሮኝ የነጎደ።

«ምን ሰማህ?» አሉኝ።
«ብርድ ነው፣ ይድናል» አልኩ። ወጋሁት በግምት፣
ላልሰማሁት በሽታ ስም አውጥቼለት።

ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞ በመጣ፣
ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ ክትባት ጭኜ ስወጣ፣
ጯኺው ሞተሩ መስሎኝ ጭስ ማውጫውን ስረግም፣
ሞተሩ ንጹሕ ነበር፤ ከደሜ የለበትም።
ሌባው በአገጬ ሥር በቁሩ አፍ ይገባል፣
ባዶ ጋን እንዳገኘ ራሴ ውስጥ ያገሳል።

ማታ ደብረ ብርሃን፣ መብራት አጥፍቼ ስተኛ፣
ቢንቢ በማይደርስበት ብርድ
አንዲት ቢንቢ አለች፣ ሌሊቱን የማትተኛ።
ልጄ ትዕምርት «አባዬ» ብላ ሁለቴ ጠርታኝ ኖሮ
ሦስተኛውን ተወችው።

ዘውገ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ እጁ ዘይት የጠገበ፣
ሞተሩን ሳያይ መጀመሪያ ራሴን አነበበ።
«ይሄ መከለያ ነው ነፋሱን የሚያነሳው፣
ወስዶ ካገጭህ ላይ ዞሮ የሚያፈርሰው።»
አራት ጣት ቆረጠለት። ካሮጌ የመንዝ ዝተት
ለቁሩ አንገትጌ ሰፋ፣ ጥቁር፣ ሻካራ፣ በግ በግ የሚሸት።
ከዚያ ከኪሱ አወጣ፣ ቢጫ፣ ባቄላ የምታህል
የስፖንጅ ውታፍ፤ «በጣትህ እንደ ጧፍ ጠቅልል፣
ጆሮህን ወደ ላይ ሳብና አስገባት፤
አብጣ እስክትሞላው ያዛት።»

ሳቅሁ። «ጆሮ ዳባ ልበስ ልትለኝ ነው፣ ዘውገ?
ሲኖትራክ ቢመጣስ? ጥሩምባውን ከኋላዬ ቢነፋስ?»
«አሁንስ» አለ፣ «ትሰማለህ?»

ማክሰኞ ጣርማበር ጉም ለብሶ ጠበቀኝ።
ነፋሱ መጣ፤ አንኳኳ፤ ደጅ ቀረ፤ አላገኘኝ።
ከዝምታውም ሥር፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለ፣
የሰንሰለቴ መንቀጭቀጭ፣ ጠጠሩ ከጎማው ሥር ያለ፣
ከጉሙም ማዶ አንድ ጥሩምባ፣ ቀጭን፣ ግን ብቻውን።
ጥጌን ያዝኩ። ሲኖትራኩ አለፈ፣ እየጎተተ ጉሙን።

እትዬ አሰገደች ቤት ስደርስ
የወይፈኑ ቆዳ ካቡ ላይ ተወጥሯል፣ ይደርቃል።
አልወቀሱኝም። ከወቀሳ ይህ ይከብዳል።
ጊደሯን ጎትተው አመጡ፤ እሷም ታስላለች።

ያች ቢንቢ ግን አለች።
የሄደ ጆሮ አይመለስም፤ የቀረው ነው የሚጠበቀው።

ውታፎቼን አውጥቼ በክብሪት ቀፎ ስከት
«ምንድነው እሱ?» አሉኝ።
«ዳባ» አልኩ፤ ዐይኔ ካቡ ላይ ሄደና
ሰበርኩት ወደ መሬት።

ማዳመጫዬን አስጠጋሁ።
በግራ ጎኗ፣ ከክንዷ ኋላ፣
እንደ ረጠበ ገለባ የሚንኮሻኮሽ ነገር…

«ምን ሰማህ?»

«ቆዩኝ እትዬ፤ ገና እየሰማሁ ነው።»