ምስር የምታህል

ጦሳ ሥር ሲሠራ፣ ሙህዬ ደሴ ላይ፣
ሙጫው ያኮርፍ ነበር፣ ጉም ሲወርድ ከላይ፤
"አልይዝም" እያለ፣ እንደ ክረምት እጅ፣
በፀጉር ቤት ፎን ተለምኖ እንጂ።
ሐረጎን ወርዶ ግን፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ፣
ያው ሙጫ ዓመል አወጣ፣ ፀሐይ ሲቀምስ፤
ሳትነኪው ይዝሻል፣ ከያዘም አይለቅም፤
ከሁለቱ የቱ እንደሚከፋ፣ ሙህዬም አያውቅም።

እኔን ያስጀመረኝ፣ በሞተ በር ነበር፣
ከፔጆ የቀረ፣ ከግቢው አጥር ሥር፣
መስታወት የሌለው፣ ዶሮ ያደረበት፤
"ሉባባ፣ ደብተርሽ ነው" አለ፣ "ጻፊ፣ ሰርዢበት።"

ስድስት ቀን አጠብኩት፣ ስድስት ቀን ወለወልኩ፣
በሳሙና ጀምሬ፣ በስፒሪት ጨረስኩ፤
ሙህዬ ግን መጣ፣ በመዳፉ ዳሰሰ፣
መዳፉን አሳየኝ፤ ምንም ሳይል ተመለሰ።

በሰባተኛው ቀን፣ ክንድ ከስንዝር፣ እየሳሳ ሰጠኝ፣
ዋጋውን ሲነግረኝ፣ እጄን አንቀጠቀጠኝ።
"ከመሀል ጀምሪ፣ ወደ ዳር ግፊው፤
አየሩ መውጫ ይሻል፣ አትዝጊበት፣ አሳልፊው።
አትጎትቺ! ከሳብሽው፣ ዛሬ እሺ ይልሻል፣
ነገ ፀሐይ ስትመታው፣ የነበረበትን ያስታውሳል፤
ተመልሶ ይሸሻል። ላስቲክ ቂም አለው።
ከተሩን ስትይዥ ደግሞ፣ ቀለሙን እንዳትነኪው።"

መች ሰማሁት? ጎተትኩት እንደ ነጠላ፣
ተሸበሸበብኝ፣ ተጣበቀ ከራሱ ገላ፤
አረፋው ፈላ።
ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣
በሩ ላይ ጥራጥሬ የዘራሁ መሰለኝ።
"አብሽሪ" አለ ሙህዬ፣ "ገበያ ነው ያሳየሽኝ!"
ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ማታ እናቴ "ምን ተማርሽ?" ስትል፣ "መኪና ማልበስ" አልኳት፤
"ይበርደዋል እንዴ?" አለችኝ። የምመልሰው አጣሁላት።

ከሰዓት ነፋስ አለ፣ የቦርከናን አሸዋ ይዞ የሚመጣ፤
ተሳቢው ከደረቅ ወደቡ፣ አንድ በአንድ ሲወጣ፣
አቧራው ይነሳል። ስለዚህ ሥራችን፣
በንጋት ሆነ፤ አዛን ሲል ነው መነሻችን፤
መሬቱን ውኃ ረጭተን፣ ሸራውን አውርደን፣
ትንፋሻችንን ሳይቀር፣ ከቆርቆሮው አርቀን።

በሦስተኛው ወር፣ አሊጋዝ መጣ ባጃጁን እየነዳ፤
ባጃጁ ፊት ላይ ስርጉድ፣ እሱ ፊት ላይ ዕዳ።
ከአህያ ሊሸሽ ብሎ፣ ከግንብ ተላትሞ ነው፤
ባለንብረቱ ዓርብ ይመጣል፣ ከባቲ፤ እና ሳያየው፣
"አልብሱልኝ" አለ፣ "ጥቁር፣ የሚያበራ፣
ስርጉዱን ይዋጥልኝ፣ ሌላ ቀን እስክሠራ።"
ሙህዬ እኔን አየኝ። "ሥሪለት" አለኝ፤
ምን ሊያስተምረኝ እንደሆነ፣ ኋላ ነው የገባኝ።

አጠብኩ። አደረቅኩ። ከመሀል ጀመርኩ።
ገፋሁ፣ አሞቅኩ፣ ገፋሁ። ትንፋሼን ቆጠርኩ።
ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ላስቲኩ ታዘዘኝ፣
እንደ ውኃ ተኛ፤ እንባ እንባ አለኝ።
ሸራውን ስንገልጠው፣ ፀሐይ ገባችበት፤
ስርጉዱ ቁጭ ብሏል! እንዲያውም ደምቆበት።
በደበዘዘ ቀለም ተሸሽጎ የነበረ፣
አሁን ሰማዩን አጉድጉዶ፣ ለመንገደኛ መሰከረ።

"ይሄ ልብስ ነው" አለ ሙህዬ፣ "ውሸት አይደለም፤
ያለውን ያደምቃል እንጂ፣ የሆነን አይደብቅም።"
አሊጋዝ ዝም አለ። በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣
ስልኩን ይዞ ወጣ፤ ቆይቶ ተመለሰ።
ለባቲው ሰውዬ ምን እንዳለው አልሰማሁም፣ ተሳቢ ያልፍ ነበር፤
ከፍሎን ሲሄድ ግን፣ ያፏጭ ጀመር።

አንድ ነገር ቀርታለች።
ከመብራቱ በላይ፣ ምስር የምታህል አረፋ አለች፤
መርፌ ቢነካት፣ ባንድ ትንፋሽ ትጠፋለች።
"ና ላስተካክልልህ" ብዬ፣ ስንቴ ለምኜዋለሁ፣
"አብሽሪ" ይለኛል፣ "ዓርብ እመጣለሁ።"
ስንት ዓርብ አለፈ።
ከሰማያዊው የባጃጅ መንጋ መሀል፣
ፊቱ የጠቆረው፣ ያው የኔ፣ ከሩቅ ይታያል፤
ሰው ስርጉዱን ያያል። እኔ ምስሬን አያለሁ።
መርፌዬ ኪሴ ውስጥ ነው። እጠብቃለሁ።