ሦስት ጉም

ደብረ ሲና፣ ጤና ጣቢያው ጓሮ፣ ከካርድ ክፍሉ ኋላ
የመድኃኒት ሣጥን ክዳን በከሰል አጥቁሬ
መሐሉን በጠመኔ ከፈልኩት፦
በቀኝ የሚቆጠር፣ በግራ የማይቆጠር።
ተማሪዬ አንዲት ናት፤
ከኩባ የመጣች ነርስ፣ ስሟ ዶሎሬስ።

«በእኛ ቋንቋ ‹ሕመሞች› ማለት ነው» አለችኝ፤
«እናቴን አንድ ሕመም አልበቃት ብሎ ይሆናል
በብዙ ቁጥር የጠራችኝ።»
በቀኝ ረድፍ ጻፍኳት።
በደብተሯም፣ በክዳኔም፣ የመጀመሪያዋ ቃል እሷ ሆነች።

በግ ቀላል መስሎኝ ነበር።
አንድም ሲሆን ሺፕ፣ መቶም ሲሆን ሺፕ፤
ከመንዝ የወረደ መንጋ በመስኮቱ ሲያልፍ
በጣቷ ቆጠረች፣ ሠላሳ አንድ፣
ኤሷን የት እንዳደረስኳት ጠየቀችኝ።
እኔም የት እንደገባች አላውቅም።

ከዚያ ዳቦ መጣ።
«አይቆጠርም» አልኩ፣ መጽሐፉ እንዳለው።
«ታዲያ ማታ የበላነው? ሁለት አልነበረም?»
ሁለት ነበር። በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ከነትኩሳቱ፣
«ሁለት ዳቦ» ብዬ የገዛሁት እኔው ነኝ።
በእሷም አገር ሁለት፣ በእኔም አገር ሁለት፤
እንግሊዝ አገር ሲደርስ ግን
የሚቆጠረው ቁራሹ ነው፣ ዳቦው አይደለም።

ምክር አይቆጠርም። የቤት ዕቃ አይቆጠርም
(ያለን ሁለት ወንበር፣ የአንደኛው እግር በሽቦ የታሰረ)።
ዜና ጭራው ላይ ኤስ አንጠልጥሎ
«አንድ ነኝ» ይላል፣ ደግሞ አይቆጠርም።
«ገንዘብም» ስል፣
ለመርፌ ተራ የሚጠብቀው ጨው ነጋዴ፣ ጓንጉል፣
ከበሩ ሥር ሳቀ፦
    «እንግዲህ የእንግሊዝ ባለጸጋ
    ሣጥኑን ሳይቆጥር ነው የሚዘጋ?
    እኔ ፍራንክ ስቆጥር በኩራዝ አረጀሁ፤
    ሰዋስው ባውቅ ኖሮ፣ በጊዜ በተኛሁ!»

ጥቅምት ላይ ኩፍኝ ገባ።
ከቀወት ቆላ ልጆች በጀርባ፣ በቃሬዛ ወጡ።
ሪፖርቱ የሚላከው በእንግሊዝኛ ነው፤
እሷ ትጽፋለች፣ እኔ በቀይ አርማለሁ።
«ኢንፎርሜሽንስ»፤ ኤሷን ሰረዝኩ።
«ኢኩዊፕመንትስ»፤ ሰረዝኩ።
ከዚያ «ሰቨን ቻይልድ» ላይ ደረስኩ።

ይኼ ከእኔ የተማረችው ነው።
በእኛ አፍ ቁጥር ከፊት ከቀደመ
ስሙ ነጠላ ሆኖ ይቆማል፤
ሰባት ልጅ እንላለን፣
ሰባትም ሆኖ አንድ፣ አንድ፣ አንድ።
«የቱ ነው ትክክል?» አለች።
የእንግሊዝኛውን ብዙ ቁጥር ጻፍኩላት።
እሷ ግን ካርዶቹን አምጥታ
ስማቸውን ታነብ ጀመር፣ በኩባ ምላስ፣
«ጸ»ው ሲጠፋባት፣ «ጨ»ው ሲያንቃት፤
አላረምኳትም።

አንድ ማታ ጉም በበሩ ስንጥቅ ገብቶ
ጠመኔዬን አራሰው።
«ይኼስ?»
«በግራ!» አልኩ፣ ሳላመነታ።
«ውኃ፣ ጭስ፣ ጤፍ፣ ጉም።
አንድ ጉም፣ ሁለት ጉም ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»
አልሰማችም። በግራ ጻፈችው።

ሰኔ ላይ ተጠራች።
ልሸኛት እስከ ደብረ ብርሃን ኤንትሬው ላይ ወጣሁ፤
ጋቢናው ውስጥ አራት ሰው፣ አንድ ዶሮ፣
ጓንጉል የላከላት የጨው ቋጠሮ።
የጣርማ በር ዳገት ላይ መንገዱ ጠፋ፣ ነጭ ብቻ።
ረዳቱ ዘርጋው ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ
«ግራ ያዝ! ያዝ! እንዲያው ሂድ!»
ወጣን። ፀሐይ፣ የገብስ ማሳ።
ደግሞ ነጭ። ደግሞ ፀሐይ።
ዘርጋው ጢሙን በእጅጌው እየጠረገ ወደ ሹፌሩ ዞረ፦
«ሁለት ጉም አለፍን። አንድ ጉም ቀረን፣ ከዋሻው ወዲያ።»

ዶሎሬስ አማርኛው አላመለጣትም።
ለእኔ ምንም አላለች። ደብተሯን አወጣች፤
መኪናው እያንገጫገጫት፣ የእስክሪብቶዋን ክዳን በጥርሷ ይዛ
ከግራው ረድፍ አንዲት ቃል ሰርዛ
ወደ ቀኝ አሻገረቻት፣ ከስሟ ሥር።

ከዋሻው ስንወጣ
ሦስተኛው ቆሞ ይጠብቀን ነበር።