የወላጅ ፊርማ

ማክሰኞ ማታ ነው። ኮዬ ፈጬ ውሃ መጥቶ፣
ጀሪካን ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ ስወጣ፣
ሲፈን ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ ቆማ፤
ዩኒፎርሟን አልቀየረች፣ ወረቀት በእጇ፣
«አባ፣ ለነገ ጠዋት ይፈለጋል ፊርማ።»

መብራት የለም፤ በስልኬ ብርሃን አነበብኩት፦
ከዘጠኝ ዓመት ጀምሮ እስከ ዐሥራ አራት፣
ለሴት ልጆች፣ ክንድ ላይ፣ አንድ መርፌ፣ በነጻ፣
የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት።
ከግርጌው ሁለት መስመር፤
አንዱ የአባት ስም፣ ሌላው የእናት።

እስክሪብቶው «የእናት» ላይ ደርሶ ቆመ።
ከመስኮቱ ማዶ የጤፍ ማሳ፣
ከማሳው ማዶ ያላለቀ ብሎክ፤ ጨለመ።

ትርሲት ካረፈች በሐምሌ ሦስት ዓመት ይሆናል።
ወገቤን ብላ ጀመረች። ከዚያ ደም።
«የድካም ነው» አለች፤ እኔም አመንኩ፣ ሚሌ ነበርኩ፣
ተሳቢዬ ተበላሽቶ፣ ኔትወርክም የለም።
ሐኪም ያያት ቀን ነገሩ ከዳር ደርሷል፤
የቀረን ወረፋ ነበር፤ ወረፋውም አልደረሰም።

ከአርባዋ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣
«ከምን መጣባት?» ብዬ፣ ማንም ሳይልከኝ።
ሲስተር ወይንሸት በሩን ገፋ አርጋ ዘጋችና
እንደ ወንድሟ አየችኝ፤ እንዲህም አለችኝ፦
«ስሙ ኤች ፒ ቪ ነው። በግብረ ሥጋ ይተላለፋል፣
ቆዳ ከቆዳ ሲነካካ። ትኩሳት የለው፣ ሕመም የለው፤
የያዘው አያውቅም፣ ያስያዘም አያውቅም።
ብዙ ሰው በዕድሜው አንዴ ይይዘዋል፣
የብዙው ሰውነት በራሱ ጊዜ ያባርረዋል፤
አልወጣ ብሎ የከረመው ነው፣
ዐሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት አድፍጦ የሚበላ።
ማን አመጣው አትበለኝ፤ ደም መርምሮ የሚነግርህ የለም።»

የለም። እኔ ግን የአዋሽን ክፍሎች ቆጠርኩ፣
ቁልፍ የሌላቸውን በሮች፣ ስማቸውን ያልጠየቅኋቸውን።
የቆጠርኩትን ለማንም አልተናገርኩ፤
ለዚህ ወረቀት ነው ዛሬ የምናገረው።

ዘበኛው ጋሽ ሻንቆ ከታች ሰምቶ ኖሮ፣
«መካን ያደርጋል ይላሉ፤ ደግሞስ ገና ልጅ፣
ምን አውቃ ነው?» አለኝ።
ጋሼ፣ ፍሬን የሚፈተሸው ቁልቁለት ላይ አይደለም፤
ከጋራዥ ሳይወጣ ነው፣ ጎማው መንገድ ሳይነካ።
ገና ልጅ ስለሆነች ነው ጊዜው አሁን የሆነው።
ማሕፀን የሚያሳጣውን ደግሞ እኔ አይቼዋለሁ፤
መርፌ አልነበረም።

ናኦል፣ ታላቋ፣ ከአልጋው ሳይነሳ «እኔስ?» አለ።
ለወንድም ይሠራል ብላኛለች ሲስተር፤
እዚህ ሠፈር የመጣው ግን ለሴቶቹ ነው፣
ሸክሙ በነሱ ስለሚከብድ።
«ካንተ ጋር ቁጭ ብለን እናወራለን» አልኩት፣
«አባቴ ያላወራኝን።»

በዘመኔ ብዙ ፈርሜያለሁ፤
ለሲሚንቶ ጭነት፣ ለነዳጅ፣ ለትራፊክ ቅጣት፣
አንድ ጊዜም፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሬሳ ለመረከብ።
እንዳይመጣ ለምፈልገው ነገር ስፈርም
ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

ሲፈን ወረቀቱን አየችው። «የእማስ ባዶ ይቅር?»
ዝም ስል እስክሪብቶውን ወሰደችና
በራሷ ጽሕፈት ሞላችው፣ ትርሲት፣ እስከ አያቷ።
«ያማል?» አለች ቀጥላ፣ ክንዷን ይዛ።
«እኔ እንጃ። ትንሽ።»

ጀሪካኑ ደረጃው ላይ ቀርቶ ነበር፤
ወርጄ አመጣሁት።