ድምፅና ድምፅ

ራምላ ዳርቻ፣ ከሲሚንቶው ጎን፣
የኪራይ አዳራሽ፣ የዘፈን ምርጫ ቀን።
ሰባት ዳኛ ከፊት፣ ውሃና ወረቀት፤
እኔ ከመስታወት ጀርባ፣ ጆሮዬ ላይ ጓንት፣
የድምፅ ሠራተኛ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፤
ድምፅ እለካለሁ እንጂ ድምፅ የለኝም ለመስጠት።

መቶ ዐርባ ዘፈን በሦስት ቀን ተጋትን።
ከሠላሳው ወዲያ ጆሮም ይጠግባል፣
ጨው የበዛበት ሁሉ ጣፋጭ ይመስላል።
ሰብሳቢዋ ኖጋ፦ «እሳቱስ የቱ ጋ ይነሳል?»
ጊዶን በሰንጠረዡ፦ «ያምናው ከበሮ ነበረው፣ ዘንድሮም ያዋጣል።»
አንዱ፦ «በስልክ ይመረጥ፣ ሕዝቡ ነው ባለቤት!»
ሌላው፦ «ሕዝቡማ የሚመርጠው ያክስቱን ልጅ ነው፣ ተዉት!»
ሁለቱም ልክ ናቸው።
የሚያስከፋውም ይኸው።

ከዚያ ሆዳያ ገባች፣ የሮሽ ሃዓይን ልጅ፣
ከዳቦ ቤት ፈረቃ፣ ዱቄት ሳይለቃት ከእጅ።
አያቷ ከየመን ይዘውት የመጡት ጉሮሮ
እሷ ዘንድ አለ፣ ሳይሸጥ እስከ ዘንድሮ።
ዘፈኗ ስለ ቧንቧ፣ ሌሊት ስለሚያንጠባጥብ፣
ስላንድ አልጋ ጎዶሎ፣ ስለማይዘጋ ልብ።
«ዓይን» ስትል (በነሱ ቋንቋ ምንጭም ናት፣ ዓይንም)
ከጉሮሮዋ ሥር፣
መርፌዬ ዘለለች፣ ሳትነካ ቀዩን መስመር።

አምቦበር፣ ልጅ ሳለሁ፣ ፊደል ስንቆጥር፣
«አልፋው አ»፣ «ዓይኑ ዐ»፣ ሁለት ስም ነበር፤
መልኩ ለየቅል ነው፣ ድምፁ ግን አንድ ነው፤
ቤቱን ጠብቀን ነው ባለቤቱን የሸኘነው።
እነሆ ራምላ ላይ፣ ካንዲት ዳቦ ጋጋሪ፣
በሃምሳ ዓመቴ ሰማሁት፣ ሕያው፣ ተናጋሪ።

እጄ ቃጣ፣ አልዋሽም፣ ሁለት ነጥብ ልሰጣት።
ተውኩት።
ድምፅ መጨመር ሥራዬ ነው፤
ድምፅ መጨመር ግን ሌብነት።

አማካሪው ሊዮር አንገቱን ነቀነቀ፦
«ግሩም ነው፤ ጉሮሮው ግን ካውሮፓ ራቀ።
ዝማሬው እንግሊዝኛ ይሁን፣ ቧንቧው በባሕር ይለወጥ፣
ጭስ ይጨመርበት፣ ስምንት ጨፋሪም ከኋላዋ ይሩጥ።»
ባቡር አለፈ በጎን፣ አዳራሹ ዝም አለ ላፍታ።
«እኛ ቤት ያለው ቧንቧ ነው» አለች፣ ቦርሳዋን አንስታ።

ጠይቀውኝ ቢሆን (ማንም አልጠየቀኝ)
እንዲህ እል ነበረ፦ መብራቱን አጥፉት፣
ስሙን አትጥሩት፣
ዘፋኙን ከነቀሚሱ ከመጋረጃ ጀርባ አቁሙት።
በቀን ዐሥር ይበቃል። ከዚያ ቤት ግቡና
ዕቃ እጠቡ፣ ልጅ አስተኙ፣ አትነጋገሩ ገና።
ጠዋት የትኛው ነው አፋችሁ ላይ ያደረው?
እሱን ላኩ።
ቢሸነፍም እንኳ፣ የኛው ነው የተሸነፈው።
የሰው አገር ዳኛ ምን ይወድ ይሆን ብሎ መገመት
የጎረቤት ጥርስ ቆጥሮ ቆሎ እንደ መቁላት።

መሸ። ወረቀት ታጠፈ። ድምፅ ተቆጠረ።
አራት ለሦስት፤ የእሳቱ ዘፈን ከበረ።
ጊዶን አጨበጨበ፣ ሊዮር ስልክ ደወለ፣
የተረፈው ውሃ ጠረጴዛው ላይ ዋለለ።
ገመዴን ጠቅልዬ ስወጣ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ፣
በሲሚንቶ አቧራ መሐል ቁልፏን ስትፈልግ ኖጋ፣
ከንፈሯ ተገጥሞ፣ ባፍንጫዋ ታንጎራጉራለች፣
ያንን የቧንቧ ዜማ፣
ሳታውቀው፣ ምስኪን፣ ድምፅ እየሰጠች።

መርፌዬን አጥፍቼው ነበር።