ሁለት መርፌ፣ ሦስት ቀዳዳ

የፋብሪካው መርፌ ይሉኝታ አለበት፤
ሞተሩ ሲነድ እንኳ፣ ቆሞ መሀል ቤት፣
«ደህና ነኝ፣ ይመስገን» ይላል እንደ ጎረቤት።

አምና በሐምሌ፣ ሠላሳ ከረጢት ሲሚንቶ ጭኜ፣
ደንገጎን ስወጣ፣ እሱኑ አምኜ፣
ከሦስተኛው ጥምዝ ላይ በነጭ ጭስ ታጥኜ
ቆምኩ። ቴስታታው ተሰነጠቀ።
ለሱ ሰባ ሺህ፣ ለኔ እንቅልፍ አለቀ።

ዘንድሮ ብሬን ቋጥሬ በመሐረብ፣
ታይዋን፣ ሀሊሞ ሱቅ፣ አልኩኝ ቀረብ።
ዘረገፈችልኝ፤ ሰማያዊ የሚያበራ፣
ቀይ የሚያበራ፣ ቁጥር ብቻ የሚጠራ፣
አንዱ እንደ ሠርግ ቤት አምፖል የሚመታ ዳንኪራ፤
«እሱን ለባጃጅ ሽጪው፤ የኔ ጣጣ ከተራራ።»
«ይኼ ከጅቡቲ ነው፣ ወላሂ፣ ኦርጂናል!»
«ሀሊሞ፣ ባለፈውም እንዲሁ ብለሽኛል።»

ረዳቴ ነስረዲን የቱርቦውን ነው የወደደ፤
ነዳጅ ሲረገጥ ሽቅብ የነጎደ፣
ሲለቀቅ እንደ ፍየል ዘሎ የወረደ።
«ይኼን ግዛ፣ አቦ! ሴት ስትሳፈር ታያለች።»
«ታያለች። ዳገት ላይ ወርዳ ትገፋለች።»

ማቀፊያው ሦስት ዓይን አለው፤ ብሬ ለሁለት ነው።

ሙሴ ደቻሳን ጠየቅሁ፣ ከደቻቱ ማዶ፤
የባቡር ጡረተኛ፣ ብሎን በፈረንሳይኛ መቁጠር ለምዶ
የቀረ፤ የካቻቢቴ ጫፍ ከሞተር፣ እጀታውን ከጆሮው አዋህዶ
የሚያዳምጥ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ኮፈኑ ስር ወርዶ።

«ውሃው ሲሞቅ» አለኝ፣ «ነገሩ አልፏል፤ ውሃ ወሬ ነው።
ቀድሞ የሚያውቀው ጭሱ ነው።
ከቱርቦው በፊት አስገባው፣ ኋላ አይደለም፤
ከኋላ የሚለካው ቀዝቅዞ የመጣ መርዶ ነው፣ ጥቅም የለም።
ሁለተኛው የዘይት ግፊት። ዘይት ደም ነው፤
ሲወድቅ አይጮህም። ዝም ነው።»
ወደ ነስሩ ዞረ፦ «ቱርቦን ጆሮህ ይነግርሃል፣ በነጻ።
ሲያፏጭ አለ።»

ማኒፎልዱን ሲበሳው ልቤም አብሮ ተበሳ፤
ብናኙን በማግኔት ለቀመው፣ አንዲትም ሳይረሳ፤
«አንዷ ቱርቦ ከገባች» አለ፣ «ሞተርህ ሬሳ!»

ሊነጋጋ ሲል ወጣን። ያው ሠላሳ ከረጢት፣ ያው ሲሚንቶ።
ደንገጎ ላይ የጭሱ መርፌ ተነሣ፤
አምስት መቶ፣ ስድስት መቶ፣ ስድስት መቶ ሰባ፣
ሙሴ በጥፍር ቀለም ከሠራት ቀይ መስመር ሊገባ።
ማርሽ ቀነስኩ፣ እግሬን አነሣሁ፤ ከመንገዱ ዳር ዐርፌ
ጎረቤቴን አየሁት፣ የፋብሪካውን መርፌ፤
መሀል ላይ። «ደህና ነኝ፣ ይመስገን።»

አይሱዙ አለፈን፣ ጥሩምባ እየነፋ፤
ነስሩ አፈረ፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፋ።
እኔ ሞተሩን ሳላጠፋ
መርፌዋ ዝቅ እስክትል ጠበቅኋት ያለ ትካዜ፤
ከዚህ ጋቢና ውስጥ እውነት የነገረኝ አልነበረም እስከዚያን ጊዜ።

ሦስተኛው ቀዳዳ ባዶውን ነው።
ነስሩ በቆርኪ ሊደፍነው ነበር፤ ተወው አልኩት።
አደሌን አልፈን፣ ሜዳው ላይ፣ መስኮቱን ስንከፍት
ነፋስ ይገባበትና ያፏጫል።
ፍጥነት መለኪያዬ ከሞተ አራት ዓመቱ።
«ስድሳ ላይ ነው የሚጀምረው» ይላል ነስሩ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣
«ሰማንያ ሲሆን ድምፁ ይቀጥናል።»
እንዴት አወቅህ ብለው
ሳቀ።
አወዳይ መግቢያ ላይ፣ ሰውና ጫት መንገዱን ሞልቶት፣ ዝም አለ ቀዳዳው።
ልክ ነው እንግዲህ።