ሙላትና ጉድለት

ቺሎዌ ደሴት ላይ፣ ከካስትሮ ወደብ፣
እንጨት እግር ያላት ቤት አለችን ጠባብ።
ባሕሩ በሥሯ ሲገባ ሲወጣ፣
በቀን ሁለት ጊዜ ሳይጠሩት ሲመጣ፣
ሰዓቱን ቆጠርን፣ ልኩን አሰላን፣
ጋስፓርና እኔ መተግበሪያ ሠራን።

መቼ እንደሚሞላ፣ መቼ እንደሚጎድል፣
ዳርቻው መች ወጥቶ እግር እንደሚችል፤
የሦስት ቀን በነጻ፣ ለመጣው ለሁሉ፣
ከነነፋሱ የወር፣ በፔሶ ለከፈሉ።

ከመቶው ሰው ታዲያ የሚከፍለው አራት፣
ዘጠና ስድስቱ በነጻ ነው የሚያያት።
የሰርቨር አከራይ ግን ነጻ ሚሉት አያውቅም፤
ወሩ በባተ ባምስት፣ አንድ ቀን አይዘገይም።

ጋስፓር እርሳሱን ከጆሮው ላይ ስቦ
መዝገቡን ዘረጋው፣ ቀዩን በቀይ ከቦ፦
«ነጻውን ዝጊው፣ በቃ። ቁራሽ ቢያቀምስም
ዳቦ ሻጭ ለገዢ፣ ደግ ነው፣ አይከፋም፤
ቅምሻ ራት ሲሆን ግን ዱቄት አይተርፍም።»

መልስ አጣሁ። ስልኬን ግን ገልብጬ አየሁት፤
መዝገበ ቃላቱን በነጻ ያወረድኩት፣
ካርታው ያልከፈልኩት፣ ዘፈኑ ያልከፈልኩት፣
በየሁለት ዘፈን ሳሙና የሚሸጡበት።
በሰው መዝገብ ላይ እኔም ቀይ መስመር ነኝ፤
የሆነ ጋስፓር፣ የሆነ አገር፣ በእርሳስ የሚከበኝ።

«ከነጻዎቹ» አንዷ፣ ዶኛ ኦቲሊያ፣
የባሕር ሣር ለቃሚ፣ ከኪንቻዎ ወዲያ፣
አምና ጽፋልን ነበር፣ ሰላምታ የሌለው፦
«የአቻዎን አርሙ። ሩብ ሰዓት ነው የዘገየው።»
ብናጣራው ልክ ናት። አረምን። ዝም አልን።
ላራቱ ከፋዮች የታረመ ሸጥን።

ቅዳሜ ለት ሄድኩኝ፣ በጀልባ ተሻግሬ፤
ቆማለች ከጭቃው፣ መንሽ ይዛ፣ ከነበሬ።
«ነጻው ቢዘጋ» አልኳት፣ «ትከፍያለሽ ስንት?»
መንሿን ተከለችው፣ ሳቅ ሳቅ እያላት።
«አባቴ ጨረቃን አይቶ ነበር የሚያውቀው፤
እኔም አውቅ ነበረ፣ አሥር ዓመት ይሆነው።
ይህ ሲመጣ» አለች፣ ስልኳን እያሳየች፣
«ቀና ማለት ተውኩኝ። እሷም አኮረፈች።
አሁን ቢዘጋማ፣ ልጠይቅሽ እኔ፣
ያባቴን ዓይን ማነው የሚመልስ ለዓይኔ?»

ጀልባው ላይ ስመለስ ይህን አጉረመረምኩ፤
ከሞተሩ ጩኸት ጋር ደጋግሜ አልኩ፦
በነጻ ሰጠናት፣ ነጻነት ነሣናት፤
ችሮታ ያልነው ነገር መንጠቆ ሆነባት።

ጋስፓርም አልዋሸ። ጣሪያው ያፈሳል።
በምስጋና ብቻ ማን ጫማ ይገዛል?
ሌት ሦስት ጊዜ ነቅቶ፣ የወደቀ አንሥቶ፣
ሚስቱ «ለማን?» ስትለው ፊቱን ግድግዳ ሰጥቶ።
«አንድ ቀን እንስጣቸው፣ ዛሬን ብቻ» አለኝ፤
«ነገን ከፍሎ ይየው።» ነገሩ ቆረጠኝ፤
በሬው የተውሶ ነው፣ ጀልባው የጋራ ነው፤
ዛሬን ብቻ ማወቅ ለማን ነው የሚረባው?

አልዘጋሁም። የዘንድሮውን ግን አላውቅም።
የትምህርት ቤቱን ማተሚያ ጠግኜ
በከፈሉኝ ገንዘብ ይህን ወር አሻገርኩት።
የሚቀጥለው፣ ባምስት፣ በሩ ላይ ነው።

ከወለሉ በታች ውኃው እየሸሸ ነው፤
በመስኮት ስመለከት፣ ሰዎች ከነቅርጫታቸው
ወደ ባዶው ወረዱ። ጋስፓር በመዝገቡ
ጉድለት ብሎ ይጽፋል፤
እነሱ ግን የሚወጡት፣ የሚሰበስቡ፣
በጉድለት ነው።

ሌሊት ስድስት ይሞላል፣ ይላል ስልኬ።
ሲመሽ ከደጅ ወጥቼ ጨረቃን ፈለግኋት።
ደመና ነው።