ወርዶ ነው

ሰው አልሞተብኝም። ቤቴ አልተቃጠለም።
ባጃጄ ደህና ናት፤ የባንክ ዕዳም የለም።
እንዲያው በአንድ ረቡዕ፣ ዳዊት ስደግም፣
ከንፈሬ ሲላወስ ማንም አልሰማኝም።
እንደማይነሣ ስልክ፣ ሲጠራ ሲጠራ፣
ቃሌ ጣራ ነክቶ ወደቀ ከኔ ጋራ።
ሙቀት ነበር ያን ቀን፤ ድሬ መች በርዶ ያውቃል፤
ላቤ ይወርድ ነበር፣ እንባዬ ግን ደርቋል።

ከመስታወቴ ላይ የለጠፍኳት ሥዕል
በፀሐይ ነጥታለች፣ ወረቀት ትመስል።
የእናቲቱ ድርብ፣ የልጇ ቀይ ቀሚስ፣
ታጥበው አለቁ፣ ዓመት ሳይመላለስ።
የቀሩት ዓይኖቿ፣ ሁለት ጥቁር ነጥቦች፣
ከከዚራ ጥላ እስከ መጋላ ደጆች፣
ሳቢያን ስሄድም፣ ከሳቢያን ስመለስ፣
ያዩኛል።
አያዩኝም።
ማን ጠይቆ ይመልስ?

“ምን ሆነሃል?” አሉኝ አባ ኅሩይ ቀርበው።
ምን ብዬ ልናገር? ቁስል የለኝ የማሳየው።
ኃጢአት ፈላልጌ ጥቂት ነገርኳቸው፣
እንዳይከፋቸው ነው፣ ባዶ እንዳልሸኛቸው።
“ስገድ” አሉኝ፣ ሰገድኩ።
“ጹም” አሉኝ፣ ጾምኩ።
“ቁልቢ በእግርህ ውጣ።” የደንገጎን ዳገት
ድንጋይ ተሸክሜ ወጣሁት በሌሊት።
ሰው ሁሉ ስለቱን ጮሆ ሲናገር፣
እልልታው ሲያናውጥ የገብርኤልን ደብር፣
እኔ ጥግ ቁጭ ብዬ ጫማዬን ፈታሁ፤
ተረከዜ ብቻ ውሃ ቋጥሮ አገኘሁ።

ደቻቱን ታውቃለህ። የሠራኸው አንተ ነህ።
በጋውን አሸዋ ነው፤
ፍየል ይተኛበታል፣
ልጆች በካልሲ ኳስ ይጣሉበታል፣
የኔ ቢጤው ባጃጁን ያቆምበታል።
ከዚያ አንድ ሌሊት፣ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ፣
ሰማዩ በኮከብ እንደተሞላ፣
ከላይ ከደጋው ዘንቦ ይመጣል፤
ድምፁ ሲሰማ መሸሻ የለም።
ያን ሌሊት የጮኹትንም ታውቃለህ።
እኔ አልጠይቅህም፤ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።
ግን ወንዙን በተሻገርኩ ቁጥር
“የዚህ ባለቤት ነው” እላለሁ፤
“ሲመጣ አይቻል፣ ሲሄድ አይገኝ።”

ግንቦት ነው። እኩለ ቀን። ቧንቧው ጠፍቷል ሰሞኑን።
አዴ ሙሚና ወረዱ፣ ይዘው ጀሪካኑን።
“ወዴት ነው?” ብላቸው፣ “ውሃ ልቀዳ” አሉኝ።
“ከዚህ ደረቅ አሸዋ?” ሳቁ፤ ዞረው አዩኝ።
ተንበርክከው ቆፈሩ፣ በጣሳ፣ በእጃቸው፤
ሒሳቤን ረስቼ ቆምኩኝ ከኋላቸው።
ክርናቸው ሲሰምጥ አሸዋው ጠቆረ፤
ብብታቸው ሲደርስ አንድ ነገር ነበረ፤
ሲኒ የማይሞላ፣ ድፍርስ፣ ዓይነ አፋር፣
ቀስ ብሎ ብቅ አለ ከጉድጓዱ ዳር።

“ድሬ ተወልደህ” አሉኝ ቀና ሳይሉ፣
“ይሄን ሳታውቅ?
ወንዙ የት ይሄዳል ልጄ? ወርዶ ነው።”

ስለ ውሃ ነው የተናገሩት።
ሌላ ነገር አላሉም።
ቢስሚላሂ ብለው ጀሪካኑን ከደኑ፣
ሒሳቤንም ከፈሉኝ፣ ሳንቲሙ እርጥብ ነበር።

ማታ ብቻዬን ተመለስኩ።
የባጃጄን መብራት አሸዋው ላይ አበራሁ፣
እጅጌዬን ሰብስቤ ቆፈርኩ።
ሰው ቢያየኝ ምን ይላል? የሰረቀውን ቀባሪ።
ቆፈርኩ፣ ክርኔ ድረስ፣ ከዚያም አልፌ።
ውሃ አላገኘሁም።
እርጥበት ብቻ። ጥፍሬ ሥር ጭቃ።
አሸተትኩት፤
የልጅነቴ ክረምት ይሸታል፣
ወይም ልሽተተው ብዬ ነው።

ዳዊቴን አልገለጥኩም።
“ጌታ ሆይ” እንኳ አላልኩም።
ጉድጓዱ ውስጥ እጄን እንደከተትኩ
ዝም ብዬ ቆየሁ፣
ዝም ከሚለው ጋር።

ከድልድዩ ላይ አንድ ሰው ተጣራ፦
“ባጃጅ! መጋላ?”
“ና ግባ” አልኩት።
መሪውን ስጨብጥ፣
በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ
እጄ ገና ቀዝቃዛ ነበር።